የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት፦ ክፍያው፣ ውሉና የመውጫው አንቀጽ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ ነዋሪነቴ ለንደን ሲሆን በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። የ13 ዓመት ልጄ ፈተና አልፋ በአንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ቦታ አግኝታለች። የደረሰን ደብዳቤ የአንድ ተርም ክፍያ 14,000 ፓውንድ መሆኑን፣ ከዚህ ላይ 40 በመቶ እንደሚቀነስላትና ቦታውን ለመያዝ 2,000 ፓውንድ ማስያዣ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። አብሮት የመጣው ውል ግን ስለ ቫት፣ ስለ ሙሉ ተርም ማስታወቂያና ስለ ልዩ ልዩ ተጨማሪ ክፍያዎች ብዙ ገጽ ይዟል። ወንድሜ አብሬሽ እፈርማለሁ ብሎኛል፤ እኔም ለመጀመሪያው ተርም የእቁብ ዕጣዬን ለመጠቀም አስቤአለሁ። በዓመት በእርግጥ የምከፍለው ስንት ነው? ልጄ ትምህርት ቤቱ ባይስማማትና ባስወጣት ገንዘቤ ይመለሳል ወይ?
ት.፣ ከለንደን

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ከሒሳቡ እንጀምር። በዓመት ሦስት ተርም ስላለ ሙሉው ክፍያ 42,000 ፓውንድ ነው፤ 40 በመቶው ሲቀነስ 25,200 ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያም ሆነ የአዳሪነት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚጣል፣ በዚህ ላይ 5,040 ፓውንድ ይጨመርና ዓመታዊው ወጪ 30,240፣ የአንዱ ተርም ደግሞ 10,080 ፓውንድ ይሆናል። ይህ ግን ቅናሹን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ራሱ ከሆነ ነው። ገንዘቡን ትምህርት ቤቱን ወክሎ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚከፍለው ሌላ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ ታክሱ የሚሰላው ቅናሽ በሌለው በ42,000 ላይ ስለሆነ፣ የእርስዎ ድርሻ ወደ 33,600 ሊያድግ ይችላል። የ3,360 ፓውንድ ልዩነት ቀላል አይደለምና ቅናሹ ከማን እንደመጣና ደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር ቫትን ይጨምር እንደሆነ ለትምህርት ቤቱ የሒሳብ ክፍል በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

የታክሱን ክብደት ለመገመት ያህል፣ ስሙ በሁሉም ዘንድ የታወቀው ኢተን ኮሌጅ በ2024/25 የትምህርት ዘመን በዓመት ወደ 52,700 ፓውንድ ገደማ ያስከፍል ነበር፤ ቫት ሲጨመርበት ከ63,000 አልፏል። ከዚህም ሌላ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት የተመዘገቡ የእንግሊዝ የግል ትምህርት ቤቶች በሕንጻዎቻቸው ግብር ላይ ያገኙት የነበረው ቅናሽ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ስለተነሣ፣ የክፍያ ጭማሪ በየዓመቱ እንደሚመጣ አድርጎ ማቀድ ይሻላል። ውሉ ዓመታዊ ጭማሪን ብዙውን ጊዜ ያለ ጣሪያ ስለሚፈቅድ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ክፍያው በምን ያህል እንደጨመረ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ለመናገር የሚያንገራግር ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት እኔ ብሆን እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። ወላጆች በአብዛኛው የሚያነቡት የመግቢያውን ክፍያ ሲሆን ገንዘብ የሚጠፋው ግን በመውጫው አንቀጽ ነው። «ሙሉ ተርም ማስታወቂያ» ማለት ልጅዎን ለማስወጣት ሲወስኑ የምትወጣበት ተርም ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለብዎት ማለት ነው። ለምሳሌ ልጅዎ በሐምሌ ትምህርቱ ሲዘጋ እንድትወጣ ቢፈልጉ፣ ደብዳቤው የበጋው ተርም በሚያዝያ ከመከፈቱ በፊት ለርእሰ መምህሩ መድረስ አለበት። በግንቦት ቢጽፉ ግን ማስታወቂያው የሚቆጠረው ከሚቀጥለው ተርም ስለሚሆን፣ ልጅዎ ያልተማረችበትን፣ ያልተኛችበትንና ያልበላችበትን የመስከረም ተርም ይከፍላሉ። በእርስዎ ሒሳብ ይህ ከታክስ በፊት 8,400 ፓውንድ ሲሆን፣ አንዳንድ ውሎች ግን በዚህ ጊዜ ቅናሹን አንስተው ሙሉውን 14,000 ይጠይቃሉ። ይህች አንዲት ሐረግ በእርስዎ ውል ላይ እንዴት እንደተጻፈች ለይተው ይመልከቱ። ለክፍል ኃላፊዋ በስልክ መናገር ወይም በወላጆች ስብሰባ ላይ ማንሣት እንደ ማስታወቂያ አይቆጠርም።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ውሉን ፈርመው ማስያዣውን ከከፈሉ በኋላ፣ ልጅዎ ገና ትምህርት ሳትጀምር ሐሳብዎን ቢቀይሩ እንኳ ማስያዣው ይቀራል፤ ውሉ ካስቀመጠው ቀን ካለፈ ደግሞ የመጀመሪያው ተርም ክፍያም ሊጠየቅ ይችላል። ማስያዣው እንደ ቅድመ ክፍያ የሚቆጠርም አይደለም፤ ልጅዎ ትምህርቷን ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ ተይዞ ያለ ወለድ ከመጨረሻው ሒሳብ ላይ የሚታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የእንግሊዝ የሸማቾች መብት ሕግ ኢፍትሐዊ የውል ቃላትን የሚቃወም ቢሆንም፣ ሕግ አለ ብሎ ፈርሞ ኋላ መከራከር ለማንም አይመከርም።

በሕመም ምክንያት ከትምህርት ገበታ መቅረት ክፍያ አያስቀንስም። ከትምህርት ቤት መባረርም እንዲሁ።

ስለ ወንድምዎ ያነሡት ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። በእኛ ልማድ አብሮ መፈረም የአክብሮትና የአለኝታ ምልክት ነው፤ በዚህ ውል ግን የሚፈርም ሁሉ ለጠቅላላው ዕዳ በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ እርስዎን ሳይጠይቅ ሙሉውን ገንዘብ ከወንድምዎ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። ከባለቤትዎ ጋር ተለያይታችሁ ቢሆን እንኳ ሁለታችሁም ከፈረማችሁ እንዲሁ ነው። ወንድምዎ መርዳት ከፈለጉ ገንዘቡን ለእርስዎ ቢሰጡና ስማቸው ውሉ ላይ ባይገባ ይመረጣል።

ተጨማሪ ክፍያ የሚባለው በየተርሙ የክፍያ መጠየቂያ ላይ ከዋናው ክፍያ ሥር በተራ በተራ የሚደረደረው ነው፦ የፒያኖ ትምህርት፣ የጉዞ ገንዘብ፣ የአገር አቀፍ ፈተና መመዝገቢያ፣ የስፖርት ልብስ፣ አንዳንዴም ለሰንበት ቤት የሚመልሳት አውቶቡስ። የሙዚቃ ትምህርትን ለማቋረጥም ብዙ ጊዜ የራሱ የአንድ ተርም ማስታወቂያ አለው። የዩኒፎርሙ ዝርዝር ርዝመት ሲያዩ እንዳይደነግጡ፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ያገለገለ ልብስ የሚሸጡበት ሱቅ ስላላቸው ከቦት ጫማ እስከ ካፖርት ከዚያ ማግኘት ይቻላል።

የተሰጣት ቅናሽ ስኮላርሺፕ ነው ወይስ በርሰሪ? ስኮላርሺፕ ለችሎታ የሚሰጥ ነው፤ በርሰሪ ግን የቤተሰቡን ገቢና ንብረት መርምሮ የሚሰጥ ስለሆነ በአብዛኛው በየዓመቱ ይታደሳል። ትርፍ ሰዓት ሠርተው ገቢዎ ከፍ ቢል 40 በመቶው ሊቀንስ ይችላል። ለእናት ለአባት ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ በቅጹ ላይ ቦታ ላይኖረው ስለሚችል፣ የላኩባቸውን ደረሰኞች አያይዘው በተለየ ደብዳቤ ያስረዱ። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳይጠቅሱ ቀርተው ከአቅማቸው በላይ ተገምቶባቸዋል።

እቁቡን በተመለከተ፣ ክፍያው በተርሙ የመጀመሪያ ቀን ወይም ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ሲሆን ከዘገየ ወለድ ይታሰባል። የእቁብ ዕጣ ደግሞ ለአንድ ተርም ይደርስ ይሆናል እንጂ በጥርና በሚያዝያ ተመልሶ አይወጣም። ትምህርት ቤቱ በየወሩ ከባንክ የሚቆረጥ የአከፋፈል መንገድ ካለው፣ የአገልግሎት ክፍያ ወይም ወለድ እንዳለበት ጠይቀው እሱን ይምረጡና የእቁቡን ገንዘብ ለማስያዣና ለዩኒፎርም ያውሉት።

ከመፈረምዎ በፊት ሁለት አማራጮችን ቢያዩ መልካም ነው። መንግሥት በሚደግፋቸው የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በነጻ ስለሆነ የሚከፈለው ለማደሪያና ለምግብ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ቫት የለበትም፤ ወጪውም ብዙውን ጊዜ ከግሎቹ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ልጅዎ ዜጋ ከሆነች ወይም በአገሪቱ የመኖር መብት ካላት ማመልከት ትችላለች። ሁለተኛው በ1552 የተመሠረተውና በዌስት ሰሴክስ የሚገኘው ክራይስትስ ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ሆስፒታል ይባል እንጂ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ለብዙዎቹ ተማሪዎቹ ክፍያውን በቤተሰብ ገቢ ልክ ስለሚወስን ምንም የማይከፍሉም አሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እህቴ እንግሊዝ ስለምትኖር የ14 ዓመት ልጄን መንግሥት ወደሚደግፈው ርካሽ አዳሪ ትምህርት ቤት ልልከው እችላለሁ?
መ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድማችን፣ በዚያ መንገድ አይቻልም። ከ4 እስከ 17 ዓመት ላሉ የውጭ አገር ልጆች የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለግል ትምህርት ቤቶች ብቻ የሚያገለግል ነው፤ የእህትዎ እዚያ መኖር ይህን አይለውጠውም። ቪዛውን ለመጠየቅ የአንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን የማስተማሪያና የአዳሪነት ክፍያ መኖሩን ማሳየት ያስፈልጋል። የጤና አገልግሎት ክፍያውም ከየካቲት 2024 ጀምሮ በዓመት 776 ፓውንድ ሲሆን የቪዛው ዘመን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይከፈላል። እህትዎ ልጁ በዕረፍት ሳምንታት የሚያርፍባቸው አሳዳጊ ሆነው ቢቀርቡ ግን ይህን ሥራ ለሚሠሩ ድርጅቶች የሚከፈለው ይተርፍልዎታል።

ሒሳቡን በብር ሲሠሩ ይጠንቀቁ። የብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የሚገርመው የእንግሊዝ መንግሥት የቫቱን ዝርዝር ያሳወቀውም በዚያው ዕለት ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለጥር 2025ና ከዚያ በኋላ ላሉት ተርሞች በቅድሚያ የተከፈለ ገንዘብም ከታክሱ አያመልጥም።

ከውጭ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች የሚጠየቀው ማስያዣ ብዙ ጊዜ የአንድ ሙሉ ተርም ክፍያን ያህላል። ስለዚህ አንድም ሳንቲም ከመላክዎ በፊት ቪዛው ቢከለከል ማስያዣው እንደሚመለስ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስና የመመለሻው የባንክ ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይቀበሉ።