ስለ ካሴት፣ ስለ ኢንተርኔት ጉድና ስለ ድረ ገጽ ጠይቁኝ

ዛሬ እጄ ባዶ ነው። የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ በቴፕ የቀዳቸው የሰርግና የክራር ካሴቶች አሉኝ። ወደ ኮምፒውተር እንዴት ላስገባቸው?

መልስ፦ መጀመሪያ የቴፑን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ብረት) አልኮል በነካው ጥጥ ጥረግ። ከዚያ ከኢርፎን መሰኪያው ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ዘርጋ። ድምፁን ቀነስ አድርገህ ቅዳ፤ አንዴ ሲቀዳ የተሰነጠቀ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም። ድምፅ መቅጃና ማስተካከያው ኦዳሲቲ ነጻ ነው፣ ይበቃሃል። ዋናውን በዋቭ (ሳይጨመቅ) አስቀምጥ፣ አንድ ሰዓቱ 600 ሜጋባይት ያልፋል። ድረ ገጽህ ላይ የምትጭነው ግን ኤምፒስሪ (የተጨመቀው) ይሁን፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ሲሆን አንድ ሰዓቱ 60 ሜጋባይት አይሞላም። ከሙዚቃ ቤት የተገዛውን ካሴት ግን ቤትህ ስማው እንጂ አትጫን፣ ባለቤት አለው።

ጥያቄ፦ የእኔ ካሴት ዘፋኙን ቀጭን ያደርገዋል። ትክክለኛውን ፍጥነት በምን ልወቅ?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት! ቴፕ 6 በመቶ ከፈጠነ ድምፁ በግማሽ ቶን (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ) ገደማ ይወጣል። በክራሩ ልለካ ብትል አያዋጣህም፣ ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ እንጂ በፒያኖ አይደለም። ይልቅ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ጸጥታ ድምፁን ከፍ አድርገህ ስማ። እምምም የሚል ነገር ካለ የመብራቱ ነው። የኢትዮጵያ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ኦዳሲቲ ላይ ያቺን እምምታ ስትለካ 52 ካገኘህ ቴፑ 4 በመቶ ፈጥኗል፣ በዚያው ልክ አዘግየው። ልክ 50 ከመጣ ግን ካሴቱን አውጥተህ እንደገና ስማ፣ ምናልባት የሚያጉረመርመው የራስህ ቴፕ ነው። (50 ቀርቶ 100 ላይ ጎልቶ ልታገኘው ትችላለህ፣ ያው እሱ ነው፤ እጥፍ ስለሆነ።)

ጥያቄ፦ ዘፋኙ የማይታወቅ ዘፈን አለኝ፣ ሻዛምም አላወቀውም።

መልስ፦ ሻዛም (ዘፈን ሰምቶ ስሙን የሚነግርህ አፕ) የሚያውቀው መዝገቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከሬዲዮ በካሴት የተቀዳ አንድ ዘፈን ነበር፣ የማን እንደሆነ ጠፍቶ የኢንተርኔት ሰው ለዓመታት ፈለገው። እ.ኤ.አ. በ2024 ነው ፌክስ የሚባል የኪል ከተማ ባንድ እንደሆነ የታወቀው፤ ያውም የድሮ ጋዜጣ ሲያገላብጡ። ስለዚህ ቁራጩን ለትልልቅ ሰዎች አሰማ። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ካለም ፎቶ አንሳው።

ጥያቄ፦ እኔ ገጽ ላይ አማርኛ ስጽፍ የማይነበብ ነገር ይወጣል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምን ዓይነት የማይነበብ? ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንት የለም ማለት ነው፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጨምሪበት። የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ከሆነ ገጹ በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚቀይረው ስልት) መጻፉን አላሳወቅሽም። የእኛ አንድ ፊደል እዚያ ሦስት ባይት ይይዛል፣ ብሮውዘሩ ካልተነገረው ሦስቱን ለየብቻ ያነባቸዋል። ግዕዝ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ከሆነ ግን ይሄ አያድነውም፣ በመቀየሪያ ማለፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ገጼ ሲከፈት ዘፈን በራሱ ቢጀምርስ?

መልስ፦ ተው! ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይከለክላል፣ ባይከለክልም የሰው ዳታ ነው።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያን ቀን ገጹ ላይ ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ ብሮውዘሩ ራሱ ካሌንደራችንን ያውቃል፣ ኮድህ ውስጥ ኢትዮፒክ ብለህ መጥራት ብቻ ነው። ጳጉሜንም አይስትም። ሰዓቱን ግን ራስህ 6 ቀንስለት፤ የምትቀንሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ዋሽንግተን ሆኖ ለሚከፍተው ሌላ ጉድ ያሳየዋል።