መልስ፦ «አንበጣ የበላቸው ዓመታት» ይመለሳሉ ወይ?

በመጠጥ ያለፉት 9 ዓመታት አምላክ አንበጣ የበላቸውን ዓመታት እንደሚመልስ በሚናገረው በነቢዩ ኢዩኤል መጽሐፍ 2፥25 ተስፋ መሠረት ከፈረሰው ትዳርዎ ጋር ይመለሱልዎ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። ጥቅሱ ጊዜው ራሱ ወደ ኋላ እንደሚመለስ አይናገርም። በዕብራይስጡ የገባው «ሺለም» የተሰኘው ግስ መክፈል፣ መካስ ማለት ሲሆን፣ ካሳው ምን እንደ ሆነም ቁጥር 24 አስቀድሞ ገልጾታል፤ አውድማው እህል ይሞላል፣ መጥመቂያዎቹም ወይን ጠጅና ዘይት ያፈስሳሉ። አንበጣ፣ ደጎብያ፣ ኩብኩባና ተምች ተራ በተራ የጨረሱት የይሁዳን አዝመራ ነበርና፣ የተካሰውም አዝመራው ነው።

እርስዎ ከዚህ በእርግጠኝነት ሊይዙት የሚችሉት፣ አምላክ የተመለሰን ሰው በኀፍረት እንደማይተወው ነው፤ ቁጥር 26ም «ሕዝቤም ለዘላለም አያፍርም» ይላል። ትዳሩ ግን የባለቤትዎም ፈቃድ ያለበት ስለ ሆነ፣ ጥቅሱን እንደ ውል አድርገው በእርሳቸው ላይ ሊያቀርቡት አይገባም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እኔ ከዓመታት በፊት እንደ እርስዎ ያለ ሁኔታ ለገጠመው ወንድም ቁጥር 25ን ብቻ፣ ያውም በታላቅ ድምፅ (ያን ጊዜ ድምፅ ማብዛት እምነት ይመስለኝ ነበር)፣ አንብቤለት ነበር። ሰውየውም የሚከፈለውን ሲጠብቅ፣ እርሱ ራሱ መክፈል የነበረበትን የልጁን ቀለብ ለወራት ዘነጋ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ተስፋው «ልባችሁን እንጂ ልብሳችሁን አትቅደዱ» ከሚለው ጥሪ በኋላ የመጣ መሆኑን አልነገርሁትም። ስለዚህ ንባብዎን ከቁጥር 12 ይጀምሩ፤ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ያለብዎትንም ዕዳ በዚያው ሳምንት በወረቀት ላይ ያስፍሩ።