ፈንግል ሳይሆን ሸለምጥማጥ ነው

«ዶሮዎቼ በአንድ ሌሊት አለቁብኝ። አራት ሞቱ፣ ሰባት ቀሩ። ፈንግል ገባ መሰለኝ፤ ምን ልስጣቸው? ሁለቱ አንገታቸው የለም። በሩ እንደተቆለፈ ነው ያደረው። ጎረቤቴ ሬሳው ላይ መርዝ አድርጊበት ትለኛለች።»
ከባንጃ፣ አዊ

እናቴ፣ አይዞዎት። አራት ዶሮ ማለት የልጅ ደብተር፣ የቤት ጨውና ዘይት እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሁለቱ አንገታቸው የለም» የምትለዋን ነገር በመሃል ጣል አድርገው አልፈዋታል። ዋናዋ ግን እሷ ናት። ፈንግል አንገት ይጠመዝዛል እንጂ አይቆርጥም። ፈንግል የያዛት ዶሮ አስቀድማ ትኮማተራለች፣ ጥሬ ትተዋለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል። የእርስዎዎቹ ማታ ደህና ሆነው ቆጥ ላይ ወጥተዋል። ውሻ ወይም ጅብ ቢሆን በሩን ይሰብር ነበር። ጭልፊት ደግሞ የሚመጣው በቀን ነው፤ የሚወስደውም ጫጩት ነው። በተቆለፈ ቤት ገብቶ፣ ከሚበላው በላይ ገድሎ፣ አንገት ቆርጥሞ ሬሳውን ጥሎ የሚሄደው ሸለምጥማጥ ነው። በእናንተ በኩል ደግሞ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ጓሮ ድረስ ደርሷል፤ ቀን ተሸሽጎ ለመዋል ይመቸዋል።

በየት ገባ? እኔ የምጠረጥረው ከላይ ነው። ብዙ የዶሮ ቤት አይቻለሁ። ምርጊቱ ሁልጊዜ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ክንድ ሲቀረው ይቆማል። እኛ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ እናንጠለጥላለን፤ ሸለምጥማጥ ግን ግድግዳ ላይ እንደ ድመት ይወጣና በዚያ ክፍተት ይገባል። ጭንቅላቱ ካለፈ ሰውነቱ ተከትሎ ያልፋል።

ስለዚህ ነገ በቀትር ዶሮ ቤቱ ውስጥ ይግቡና በሩን ከውስጥ ይዝጉት። ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ይቆዩ። ብርሃን የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ጣትዎን ከትተው ይለኩት። ሁለት ጣት ጎን ለጎን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ መደፈን አለበት።

ክፍተቱን ግን ሙሉ በሙሉ በጭቃ አይምረጉት። አየር ካላገኘ የኩሱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ዶሮዎቹም ማሳልና ማስነጠስ ይጀምራሉ። ሽቦ ወንፊት ካለዎት ጥሩ ነው። ከሌለዎት ቀርከሃ በአካባቢዎ ሞልቷል። ቀርከሃውን በስሱ ይሰንጥቁና አንድ ጣት ብቻ በሚያስገባ ርቀት ቀጥ ቀጥ አድርገው ይደርድሩት፤ የታችኛውን ጫፍ ከግድግዳው እንጨት ጋር፣ የላይኛውን ከጣሪያው እንጨት ጋር በምስማር ይምቱት። የሚመቱት ከውጭ በኩል ይሁን። እንዲያ ሲሆን አውሬው በገፋው ቁጥር ከእንጨቱ ጋር ይጣበቃል። ከውስጥ ከተመታ ግን በግፊያ ይነቀላል። ማዕዘኖቹን አይርሱ፤ ቆርቆሮው የሚታጠፍበት ሸንተረር ሥር ያለችውን ክፍት ቦታም ጨርቅ ሳይሆን እንጨት ወትፈው ይድፈኑት። ልጅዎ ካገዘዎት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወጪው ምስማር ብቻ ነው።

የግድግዳውን ሥር ዙሪያውን በድንጋይ ይደግፉት። ፋሮና ቀበሮ የሚገቡት ቆፍረው ነው።

መርዙን ግን እባክዎ ይተዉት። ይህን ምክር በየመንደሩ እሰማዋለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። መርዝ የተቀባ ሬሳ መጀመሪያ የሚያገኘው የራስዎ ውሻ ነው፤ ቀጥሎ ጥንብ አንሳው። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ መርዝ አይጣልም። ሸለምጥማጡ ቢሞትም ቀዳዳው እስካለ ድረስ ሌላው ይመጣል። ሬሳዎቹን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይቅበሯቸው።

የፈንግሉ ስጋትዎም ከንቱ አይደለም። የቀሩት ሰባቱ ካልተከተቡ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። ክትባት የሚሰጠው ሳይታመሙ ነው፤ ከታመሙ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ዛሬ ማታ ግን ሥራው ሳያልቅ እዚያ አያሳድሯቸው። ቀምሶ የሄደ ሸለምጥማጥ በማግሥቱም ይመለሳል። ጀምበር ሳትጠልቅ ሰብስበው ቤትዎ ውስጥ በቅርጫት ያሳድሯቸው።

ቀርከሃውን ከመቱ በኋላ በግድግዳው ሥር አመድ ይበትኑና ጠዋት ይዩት። የድመት የሚመስል ዱካ ካገኙ አሁንም እየዞረ ቀዳዳ ይፈልጋል ማለት ነው። ዱካው ወደ የትኛው ማዕዘን እንደሚሄድ ተከትለው ያን ቦታ ደግመው ይፈትሹት።