ፓስ 3 ወይስ ፓስ 3 ኤክስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ባለ ቲዩብ (አምፖል መሰል የመስታወት ክፍል ያለው) የዳይናኮ ስቴሪዮ ፕሪአምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፁን ወደ ዋናው አምፕሊፋየር ከመግባቱ በፊት የሚያዘጋጅ መሣሪያ፣ አገኘሁ። የፊት ገጹ ወርቃማ ሆኖ «ፓስ 3» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ሻጩ ግን ውስጡ 3 ኤክስ ነው ብሎ ዋጋውን ሰቅሎታል። በምን ልለየው? አዲስ አበባ ይዤው ብመጣስ ይሠራል?

መልስ፦ ሻጩ የሚሉት እውነት ሊሆን ስለሚችል በፊት ገጹ ብቻ አይፍረዱ። የፊላዴልፊያው ዳይናኮ ይህን መሣሪያ ተገጣጥሞ ብቻ ሳይሆን ገዢው ራሱ ቤቱ በያይዶ እንዲሠራው ሳይገጣጠምም ይሸጥ ነበር፤ በኋላም የቀድሞዎቹን ወደ 3 ኤክስ የሚቀይር የመለዋወጫ ስብስብ ስላቀረበ፣ ከአሮጌ ገጽ በስተጀርባ አዲሱ አሠራር ቢገኝ አያስገርምም። ቡናማ ገጽ ያለው ፓስ 2 ደግሞ ከፓስ 3 የሚለየው በመልኩ እንጂ በሰርኪዩቱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1966 የመጣው 3 ኤክስ ለውጡ ባስና ትሬብል (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ) መቆጣጠሪያዎቹ ላይ ነው፦ ማዞሪያው መሐል ላይ ሲቆም ድምፁን የሚቀይሩት ክፍሎች ከመስመሩ ይወጣሉ። ስለዚህ መሣሪያውን ከሶኬት ነቅለው፣ ካፓሲተሮቹ የያዙት ኤሌክትሪክ መውጣቱን በመለኪያ ካረጋገጡ በኋላ ክዳኑን ይክፈቱና የእነዚህን ማዞሪያዎች የኋላ ሽቦ አያያዝ ከሁለቱ ሞዴሎች ንድፍ ጋር ያስተያዩ። ቲዩቦቹን መቁጠር አይጠቅምዎትም፤ ሁሉም 12 ኤ ኤክስ 7 የሚባሉ አራት ቲዩቦችና 12 ኤክስ 4 የሚባል አንድ ቲዩብ አላቸው።

እኔን ቢጠይቁኝ ለ«ኤክስ» ፊደል ብዙ ገንዘብ አልጨምርም። ይልቅ ለቲዩቦቹ ማሞቂያ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሴሌኒየም ሬክቲፋየር ይመልከቱ፤ ዕድሜ ሲጫነው ቮልቴጁ ይወርዳል። በሲሊከን ከተተካ ግን የሚባክነው ቮልቴጅ ስለሚያንስ ማሞቂያዎቹ ከልክ በላይ እንዳይደርሳቸው ተለክቶ መስተካከል አለበት። ያረጁ ካፓሲተሮችም እንዲሁ መፈተሽ አለባቸው።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120 ቮልት ስለሚሠራ፣ አዲስ አበባ 220 ላይ በቀጥታ ከሰኩት ይቃጠላል፤ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። ጀርባው ላይ ለሌላ መሣሪያ የሚሆኑ ሶኬቶች ስላሉት፣ ዋናውን አምፕሊፋየር እዚያ ላይ የሚሰኩ ከሆነ የሁለቱንም ፍጆታ የሚችል ትራንስፎርመር ይግዙ።