ከ«ካት» ቁጥሩ በፊት መዳቡን ይዩ

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እያሠራሁ ነው፤ ግድግዳው ገና አልተለሰነም። ከምድር ቤቱ ስዊች (ገመዶቹን ከሚያገናኘው የኔትወርክ መሣሪያ) ወደየክፍሉ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት እፈልጋለሁ። ረጅሙ መስመር 40 ሜትር ነው። ሁለት የደጅ ካሜራዎችም ኃይል በዚያው ገመድ እንዲያገኙ አስቤያለሁ። ሻጩ «ካት 7 ከሁሉም ይበልጣል» ይለኛል። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ካት 6 ይግዙ («ካት» የኔትወርክ ገመድ ደረጃ ነው)። ካት 5ኢ 1 ጊጋቢት በሰከንድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካት 6 ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ 10 ጊጋቢት እስከ 55 ሜትር ይሸከማል፤ ብዙ ገመዶች አንድ ላይ ጥብቅ ብለው ከታሰሩ ግን ርቀቱ ወደ 37 ሜትር ስለሚወርድ፣ የ40 ሜትሩን መስመር ከሌሎቹ ጋር አጥብቀው አይሰሩት። ካት 6ኤ 10 ጊጋቢትን 100 ሜትር ሙሉ ያደርሳል፤ ወፍራምና ለመታጠፍ እምቢተኛ በመሆኑ ግን ለእርስዎ ቤት ድካሙ ይበዛል። ካት 7 የተሠራው ለራሱ ልዩ ማገናኛ ነው። ተራውን የኔትወርክ ማገናኛ (አርጄ-45) ከገጠሙበት የከፈሉበትን ጥቅም አያገኙም፤ በሽቦዎቹ ዙሪያ ያለው የብረት መከለያም በትክክል ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ አለበት።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበን የሽቦው ምንነት ነው። ገበያ ላይ «ካት 6» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ መዳብ አይደለም፤ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ፣ ሲሲኤ የሚባል አለ። አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ ያድርጉ፤ ውስጧ ነጣ ካለ አይግዙት። ቆርጠው ከወሰዱ በኋላም በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ማረጋገጥ ይቻላል። በ40 ሜትሩ አንድ ጫፍ የአንድ ጥንድ (አብረው የተጠመዘዙ) ሁለት ሽቦዎችን ያገናኙና በሌላው ጫፍ ይለኩ፤ የሽቦው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ከ7.5 ኦም መብለጥ የለበትም (የመለኪያውን ገመድ የራሱን ኦም ቀንሰው)። ሲሲኤ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያልፋል። ችግሩ የሚወጣው ካሜራው ላይ ነው፤ ቀን በደንብ ይሠራና ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ፣ ተጨማሪ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ወርዶ ካሜራው ጠፍቶ ይነሣል። ብዙዎች ካሜራውን ይቀይራሉ፤ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው።

ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ነጠላ ወፍራም ሽቦ ያለው ይሁን፤ ከሶኬቱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ግን ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት። ከመለሰኑ በፊት ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ያሳልፉት፤ ወደፊት ግድግዳ ሳይፈርስ ይቀየራል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ገመድ ይሳቡ። ከገመዱ ውፍረት አራት እጥፍ ባነሰ ራዲየስ አይጠፉት፣ ከ11 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበትም አይጎትቱት፤ ጥንዶቹ ውስጥ ለውስጥ ይለያያሉ። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋርም በአንድ ቱቦ አያስገቡት።

ጥያቄ፦ ገመዱን ራሴ ገጠምኩ። የገመድ መፈተሻው (ቴስተሩ) ላይ ስምንቱም መብራቶች በተራ ይበራሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን 100 ሜጋቢት ብቻ ያሳያል። ለምን?

መልስ፦ 100 ሜጋቢት ሁለት ጥንድ ብቻ ይጠቀማል፤ 1 ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል። ቴስተሩ ሽቦው መድረሱን እንጂ ጥንዱ ትክክል መሆኑን አያይም። ቀለሞቹን ጥንድ በጥንድ ጎን ለጎን ደርድረው ከሆነ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ስህተት ነው። የአረንጓዴው ጥንድ 3ኛና 6ኛ ላይ ተለያይቶ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዝዙንም ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ከሆነ ደግሞ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ሽቦዎችን በማጉያ ይዩ፤ የማገናኛው ጥርስ ሽቦውን በደንብ ሳይነክስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጫፉን ቆርጠው በአዲስ ማገናኛ ይግጠሙ፤ አንዴ የተጨመቀ አርጄ-45 ዳግመኛ አያገለግልም።