ለወጣት የቼዝ ተወዳዳሪዎች፦ በእጅ የገባ ጨዋታ እንዳያመልጥ

ልጆቼ፣

በወጣቶች የቼዝ ሻምፒዮና ብዙ ነጥብ የሚባክነው የጨዋታ መክፈቻ ባለማወቅ አይደለም። ጨዋታው ወደ እናንተ ካዘነበለ በኋላ እጅ ዓይንን ስለሚቀድም ነው።

በተለመደው ረጅም ጨዋታ 90 ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ በየእርምጃው ደግሞ 30 ሰከንድ ይጨመራል። 40 እርምጃ ስትጫወቱ 20 ደቂቃ አገኛችሁ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ይዞ፣ አንድ ፈረስ በልጦ፣ በ3 ሰከንድ መልስ የሚሰጥ ልጅ ማየት ያንገበግባል። ተጋጣሚያችሁ ሲጫወት እጃችሁ ከጠረጴዛው በታች ይሁን። መጀመሪያ የሚመጣባችሁን ቼክ (በንጉሣችሁ ላይ የሚሰነዘር ጥቃት)፣ ቀጥሎ ሊበላባችሁ የሚችለውን ፈልጉ፤ የራሳችሁን ሐሳብ ከዚያ በኋላ። የነካችሁትን መጫወት ግዴታ ነውና።

ወታደራችሁ መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ ጥንቃቄ አብዙ። ብዙ ልጅ በደስታ ወታደሩን ይገፋና ንግሥት ሳይተካ ሰዓቱን ይመታል። ይህ ሕገወጥ እርምጃ ነው፤ ለተጋጣሚ 2 ደቂቃ ይጨመርለታል፣ ከተደገመ ጨዋታው ይወሰድባችኋል። ግንብ ገልብጦ «ንግሥት ናት» ማለትም አያዋጣም፤ በፊዴ (የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን) ዳኝነት ግንብ ሆኖ ይቀራል። ትርፍ ንግሥት አጠገባችሁ ከሌለች ሰዓቱን አቁማችሁ ዳኛ ጥሩ፤ መብታችሁ ነው።

ለጥናት ጊዜ ካላችሁ ለግንብ ፍጻሜ፣ ማለትም ግንቦችና ጥቂት ወታደሮች ብቻ ለሚቀሩበት የጨዋታ ማብቂያ ስጡት። የፊሊዶርን አቀማመጥ ውሰዱ፤ በአንድ ወታደር ያነሰው ወገን ጨዋታውን በእኩል የሚያስጨርስበት መከላከያ ነው። ጥቁር ንጉሥ ኢ8፣ ግንቡ ቢ6፤ የነጭ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ5፣ ግንቡ ኤ7 ላይ ናቸው እንበል (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል፤ ኤ = a፣ ቢ = b፣ ዲ = d፣ ኢ = e)። የጥቁሩ ግንብ 6ኛውን ረድፍ ሳይለቅ ከተመላለሰ የነጩ ንጉሥ ወደፊት መግባት አይችልም። ወታደሩ ኢ6 ሲረግጥ ግን ግንቡ ወዲያው ወደ ቢ1 ይወርድና ከኋላ ቼክ ይላል፤ ወታደሩ ስለተገፋ የነጩ ንጉሥ ከፊቱ መጠለያ የለውም፣ ጨዋታው በእኩል ያልቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ወታደሩ ሳይገፋ ግንቡን ቀድመው በማውረድ ነው፤ ያኔ የነጩ ንጉሥ 6ኛው ረድፍ ላይ ይገባና መከላከሉ እጅግ ይከብዳል። ይህን አቀማመጥ አንዴ በነጭ፣ አንዴ በጥቁር ሆናችሁ፣ ሳታስቡ እስክትጫወቱት ድረስ ደጋግሙት።

ጨዋታው ሲያልቅም አትቸኩሉ። የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈውን ውጤት አንብቡ፤ ሁለታችሁም በተሳሳተ ውጤት ላይ ከፈረማችሁ፣ ዳኛው ካልለወጠው በቀር የሚጸናው የተፈረመው ነው።