ደመወዝ ገና እየገባ ሳለ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሒሳብ ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ደመወዝ በመሥራት። አንድ ድርጅት መታመሙን ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ይህ ክፍል ነው። ዕቃ አቅራቢዎች ቼካችን የት ደረሰ እያሉ በየቀኑ ይደውላሉ። ከሠራተኛው የተቆረጠው የጡረታ መዋጮ በጊዜው ገቢ አይደረግም። የለቀቀ ሰው ቦታ ክፍት ሆኖ ይከርማል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቃል ትእዛዝ ይቆማል። አንዱ ብቻ ሲታይ ምንም ላይሆን ይችላል። ከእነዚህ ሦስቱ በአንድ ወር ከተገጣጠሙ ግን በመተላለፊያው የሚወራውን «ሠራተኛ ሊቀነስ ነው» የሚል ወሬ አቅልላችሁ አትዩት።

እኔ ይህን ሁሉ በገዛ እጄ እየመዘገብኩ ሁለት ወር ሙሉ እንደ ወትሮዬ ኖሬያለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን አፍሬ ነው። እሷም ምንም ሳታውቅ የሳሎኑን ዕቃ በዱቤ ቀየረች። ምን አጠፋች? ስለዚህ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት በር ዘግታችሁ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተቀመጡ። የምትረዷቸው ወላጆች ወይም ታናናሾች ካሉም የምትልኩት ሊቀንስ እንደሚችል ቀድመው ይስሙ፤ እነሱም የሚያዘጋጁት ነገር አላቸው።

አሁን ወደ ቁጥር ልምጣ፤ ልማዴ ነውና ታገሱኝ። የወር ገቢያችሁ 120፣ ወጪያችሁ 100 ነው እንበል። በሦስት ወር 60 ታጠራቅማላችሁ። ሥራው ሲቆም ይህ 60፣ በወር 100 ማውጣት ለለመደ ቤት የ18 ቀን መኖሪያ ነው። ወጪውን ዛሬውኑ ወደ 60 ብታወርዱት ግን በየወሩ 60 ይተርፋል፤ በሦስት ወር 180 ይሆናል። ቤቱም በ60 መኖር ስለለመደ ገንዘቡ ሦስት ወር ያቆያችኋል። ደመወዙ ያው፣ ጊዜውም ያው፤ 18 ቀኑ 90 ቀን ሆነ። 60 የማይቻል ከሆነና 75 ላይ ብትቆሙ እንኳ 54 ቀን ታገኛላችሁ። ዛሬ የተቀነሰ ወጪ ቁጠባውን ያሳድጋል፣ ያ ቁጠባ ነገ የሚሸከመውንም ያቀላል። ከተሰናበቱ በኋላ መቆጠብ የሚጀምሩ ሰዎች የሚያገኙት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የምለው ጥንቁቆቹን ሳያስከፋ አይቀርም። ጥንቁቅ ሰው ሥራው ሲያሰጋው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ያለኝን ሰብስቤ ዕዳዬን ልክፈል» የሚል ነው። ጠባዩ መልካም ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም። ያጠራቀማችሁትን ሁሉ ለባንክ አስረክባችሁ ብድሩ ግማሽ ቢቀር፣ በብዙ ውሎች የሚያጥረው የብድሩ ዘመን እንጂ የወሩ ክፍያ አይደለም። የሚቀጥለው ወር ክፍያ እንደነበረው ይጠብቃችኋል። ሥራ ካጣችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ብድር ብትጠይቁ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደመወዝዎ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ስለዚህ የወሩን ክፍያ ሳታዛንፉ ክፈሉ፣ ከዚያ የተረፈውን በፈለጋችሁ ሰዓት በምታወጡት ሒሳብ አቆዩት። የምለየው አንድ ዓይነት ዕዳ ብቻ ነው፦ ወለዱ የከበደ፣ ግን ባላችሁ ገንዘብ ጨርሶ የሚዘጋ ትንሽ ዕዳ። እሱ ሲዘጋ የወር ክፍያው አብሮት ይቀራል፤ እጃችሁም ባዶ አይሆንም። በዚህ ሰሞን ለማንም ዋስ አትሁኑ፤ ለወንድምም ቢሆን።

ቁጠባችሁ በምትሠሩበት ድርጅት አክሲዮን ከሆነ ደመወዛችሁና ቁጠባችሁ የተንጠለጠሉት በአንድ ገመድ ላይ ነው። የአሜሪካው የኃይል ድርጅት ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 (እ.ኤ.አ.) ሲከስር ብዙ ሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባቸውን በራሱ በድርጅቱ አክሲዮን አስቀምጠው ነበር። በ2000 ከ90 ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው አክሲዮን ከመክሰሩ ጥቂት ቀናት በፊት ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ሥራውም ቁጠባውም በአንድ ሰሞን ሄደ። የስንብት ክፍያንም ቢሆን እጃችሁ ሳይገባ በጀት ውስጥ አታስገቡት። የከሰረ ድርጅት ዘንድ ገንዘብ የሚጠብቀው እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ያበደሩትና ዕቃ ያቀረቡለትም ተሰልፈዋል።

ወረቀት ሰብስቡ። የቅጥር ውል፣ የዕድገት ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የቀረ የዓመት ፈቃድ፤ ይህን ሁሉ በሰላሙ ጊዜ በአንድ ቀን ታገኙታላችሁ፣ ቢሮው ከታሸገ በኋላ ግን በወርም ላታገኙት ትችላላችሁ። የድርጅታችሁ የሕክምና መድን የሚሸፍነው ለነገ ያላችሁት የጥርስ ወይም የዓይን ሕክምና ካለ አሁን ጨርሱት። በንዴት መልቀቂያ አታስገቡ፤ በፈቃዱ የለቀቀና የተሰናበተ ሰው የሚያገኙት ክፍያ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም።

የስንብት ደብዳቤው የተሰጣችሁ ቀን ደግሞ መቀበላችሁን ብቻ ፈርሙ። «ምንም የሚቀረኝ ክፍያ የለም» የሚለውን ወረቀት ግን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። አንድ ወጣት እንዲህ ባለው ቀን ፊቴ ቆሞ «ጋሼ፣ ነገ ባመጣውስ?» አለኝ። ተሰልፎ የሚጠብቅ ሰው ስለነበረብኝ ተነጫነጭኩበት። በማግሥቱ በእርሳስ የተሰመረበት ወረቀት ይዞ መጣ፤ የ19 ቀን የዓመት ፈቃዱ አልተሰላም ነበር። ሒሳቡን ያሰላሁት እኔ ነበርኩ።